ዜና ጓሳ ዘመንዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የመንዝ ሰዎች ስለ ሣራቸው የመከሩትን ምክር፣ የሠሩትን ሥርዓት፣ ሥርዓቱም እንዴት እንደ ጸና፣ እንዴት እንደ ፈረሰ፣ በምን አኳኋንም ዳግመኛ እንደ ቆመ በዚህ እንጽፋለን። ነገሥታቱ ዜናቸውን የሚያሰፍር ጸሐፊ ነበራቸው፤ የዘመቱበት አገር፣ የሾሙት መኰንን፣ የተከሉት ደብር ሁሉ በብራና ሰፍሯል። ሣር ጠብቆ ለልጅ ልጅ ያቆየው ባላገር ግን ከሽማግሌ አፍ በቀር መዝገብ አልነበረውም። ሥራው ከዘመቻ ያንሳል ብለን ስለማናምን፣ እነሆ በነገሥታቱ ዜና ወግ ጻፍንለት።

መንዝ በሸዋ ሰሜን ያለ ደጋ ነው፤ ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል ከዚህ ተነሥቶ የሸዋን መንግሥት መሠረተ፤ ወደ አንኮበር የወረዱት ነገሥታትም፣ እስከ ዳግማዊ ምኒልክ ድረስ፣ የዚሁ ሐረግ ተወላጆች ናቸው። በጌራ በኩል፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወዲያ፣ ምድሩ ወደ ቆላው ገደል ከመግባቱ በፊት ጓሳ የሚባል ሰፊ ውርጫም አገር አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በምዕራብ ወገኑ የሚፈሰው ውሃ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል፤ በምሥራቅ ገደሉን የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። ምድሩን የሸፈነው ረጅሙ የጓሳ ሣር ነው፤ በመካከሉ ጅባራ ቆሞበታል፣ ጨረንፌ የሚሉት ቁጥቋጦም በቅሎበታል። ጭላዳ በመንጋ ይግጥበታል፤ ቀይ ቀበሮም አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖርበታል።

ጓሳን ለማያውቅ ሰው ጥቅሙን እንንገረው። የደጋ ቤት የሚከደነው በዚህ ሣር ነው፤ ደህና ተጎንጉኖ የተከደነ እንደ ሆነ ክረምቱን ሁሉ ሳያፈስ ለብዙ ዓመት ይቀመጣል። ገመዱ የሚገመደው ከእርሱ ነው፤ እረኛው በዶፍ ዝናብ ውስጥ የሚለብሰው ገሳ፣ ቤት የሚነጠፈውም ከእርሱ ነው። እንጨት በሌለበት በዚያ ብርድ አገር እሳት የሚነደው በጨረንፌ ነው፤ ጨረንፌ ከታጣ ለእርሻ ሊሆን የሚገባው ኩበት ወደ ምድጃ ይገባል፣ መሬቱም ይራባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የክፉ ቀን ጥቅሙ ነው። የመንዝ ገብስ በአብዛኛው የበልግ ዝናብ ይጠብቃል፤ በልጉ በቀረ ጊዜ የመንዝ በግና ከብት የሚድነው በታቀበ ሣር ነው። እንግዲህ ሣሩ ለመንዜ ጣራው፣ እሳቱና የከብቱ ሕይወት ነበረ። ስለዚህም ሰዎቹ ለብቻው ምክር መከሩለት፣ ሹምም ሾሙለት።

ሽማግሌዎች እንዲህ ይተርካሉ። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ፤ አገሩን በያዙ ጊዜ ፈረስ ጋልበው ድንበር ለዩ ይባላል። ጊዜውም 17ኛው መቶ ዓመት ነው። ከእነርሱም በኋላ በአባቱም ሆነ በእናቱ ሐረግ ቆጥሮ ከአስቦ ወይም ከጌራ የደረሰ ሁሉ በጓሳ ላይ ርስት አለው ተባለ። ይህም ሥርዓት ቄሮ ተባለ፤ የሚመራውም ሹም አባ ቄራ ይባል ነበር፣ ለአስቦ አንድ፣ ለጌራም አንድ። አባ ቄራ ከንጉሥ ወይም ከባለ ጉልት ተልኮ የሚመጣ አልነበረም። ጭቃ ሹም ግብርና ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች ያወርዳል፤ አባ ቄራ ግን ባለ ርስቱ በተሰበሰበበት፣ ሁሉም እያየው፣ በምርጫ የሚቆም ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበል። አገሩ ሁሉ በሹመት በሚገዛበት ዘመን ሣሩ በምርጫ ይገዛ ነበር።

የቄሮ ጉልበት መዝጋት ነበር። ጓሳ አንድ ጊዜ ሲዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት አይከፈትም፤ ማጭድ አይገባበትም፣ ከብት አይሰማራበትም፣ ጨረንፌ አይለቀምበትም። ስንት ዓመት እንደሚዘጋ የሚቆርጠው የሣሩ ቁመትና የሕዝቡ ችግር ነው፤ ሁለቱንም መርምሮ መወሰን የአባ ቄራና የሽማግሌዎች ፈንታ ነበር። ቤቱ የሚያፈስ ሰው የደረሰ ሣር ከደጁ እያየ ክረምቱን እንደ ምንም ያሳልፋል። ሀብታሙም ድሀውም እኩል ይጠብቃል። ይህን ያህል ዘመን በአንድ ቃል መታገሥ ለአንድ አገር ሰው ቀላል ነገር አይደለም፤ ጦር አሰልፎ ድል ከማድረግ የሚከብድ ይመስለናል፣ ጦር በአንድ ቀን ያልቃልና።

ጥበቃውም በየአጥቢያው ተራ ይወጣ ነበር። አቅም ያለው ወንድ ሁሉ በተራው ወጥቶ ሜዳውን ይዞራል፤ ተራውን ያጎደለ ይቀጣል። በተዘጋው ጓሳ ሣር ሲያጭድ የተያዘ ሰው ቅጣቱ የከፋ ነበር፤ በብርቱ ጥፋት ቤቱን እስከ ማቃጠል ይደርስ እንደ ነበር ሽማግሌዎች ይናገራሉ። በተሰረቀ ሣር የተከደነ ቤት ሲነድ ሚስትና ልጅ ከነጥሪታቸው ሜዳ ላይ ይቀራሉ። የአባቶችን ሥርዓት ብናከብርም ይህን አናመሰግነውም፤ የአባት ጥፋት በልጅ ላይ መውረድ አልነበረበትም። ነገር ግን ቅጣቱ በአንድ ሹም ቁጣ የሚወርድ አልነበረም፤ በሕዝብ ፊት ተነግሮ፣ ሁሉ አውቆት የኖረበት ሕግ ነበር።

ሣሩ በደረሰ ጊዜ፣ በጋው በጠና በየካቲትና በመጋቢት ወራት፣ አባ ቄራ የመክፈቻውን ቀን ያውጃል። አዋጁ ቅዳሴ ሲያልቅ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በገበያ፣ በለቅሶ ቦታም ይነገራል፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ ይባላል። ገበያ ያልወጣ ለቅሶ ይደርሳል፣ ለቅሶ ያልደረሰ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ስለዚህ አልሰማሁም የሚል ሰው አይገኝም። ከቀኑም በፊት አንድ ሰው እንኳ አይገባም። በቀኑ ግን ሰው ማጭድና ጠፍር ይዞ፣ አጋሰሱን እየነዳ ከየአጥቢያው ይወጣል። አስቀድሞ ሣሩ ይታጨዳል፣ ይታሰራል፣ ይጫናል። የአጨዳው ወራት ሲያልቅ ከብቱ ይገባል፤ ሌላው መስክ ደርቆ በሚንኮሻኮሽበት ጊዜ የመንዝ ከብት በጓሳ ይሰነብታል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የሐዋርያት ጾም በሚፈታበት በሐምሌ 5፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ከብት ሁሉ ከጓሳ ይወጣል። የመዝጊያው ቀን በበዓል ላይ በመዋሉ ማስታወሻ አያስፈልገውም ነበር፤ ጾሙን የሚፈታ ሰው ሁሉ ቀኑን ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ሣሩ ከክረምቱ ዝናብ ጋር ያድጋል።

እውነትን ለመጻፍ ቃል ገብተናልና ከደጅ የቀሩትን ሰዎች ደግሞ እንጽፋለን። በጓሳ ላይ ድምፅ ያለው ባለ ርስቱ ነበር። ከሌላ አገር መጥቶ የተቀመጠ፣ በጭሰኝነት የሚያርስ፣ ሐረጉን ከአስቦ ወይም ከጌራ ማድረስ ያልቻለ ሰው በጉባኤው አይቆጠርም። ብረት ቀጥቅጦ ማጭዱን የሠራው ሰው፣ ርስት ከሌለው፣ በሠራው ማጭድ ሊያጭድበት መብት አልነበረውም። ሴቲቱ ርስት በእናትነቷ ለልጇ ታስተላልፋለች፤ በጉባኤው ተቀምጣ ስትመክር ግን አልተሰማም። ቄሮ ሣሩን በትክክል ጠበቀ፤ ሰውን ግን ሁሉ በትክክል አልቆጠረም።

ከዚያም በኋላ ነገሥታት መጡ፣ ነገሥታት አለፉ። ጣልያን አገሩን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ መንዝ የአርበኞች አገር ሆነ፤ ጠላት ከወጣም በኋላ ቄሮ እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ይህን ሁሉ አናረዝምም፤ የጓሳ ነገር የተለወጠው በሌላ ዘመን ነውና።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወረዱ። በዚያው ዓመት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ የካቲት 25 ቀን፣ በዕለተ ማክሰኞ፣ ደርግ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት የሚያደርገውን አዋጅ ቁጥር 31/1967 አወጣ። ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ በ800 ሄክታር መሬት ላይ አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ፣ የሚዳኝበትም ሸንጎ ተሰጠው። ለጭሰኛው ልጅ ይህ ቀን የነጻነት ቀን ነው፤ እኛም እንደዚያው እንጽፈዋለን። ነገር ግን በርስት ላይ የቆመ ሁሉ ከርስት ጋር ወደቀ፤ ቄሮ የቆመው በርስት ላይ ነበርና እርሱም ወደቀ። የአባ ቄራ ሹመት ቀረ። የሚዘጋ ጠፋ፣ የሚከፍትም ጠፋ።

በዚያም ወራት የሆነውን ሽማግሌዎች ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ቀድሞ ከደጅ የቀረው ሰው ድርሻዬን ላግኝ ብሎ ገባ፤ ባለ ርስት የነበረውም ነገ እንዳይቀርብኝ ብሎ ከእርሱ ቀድሞ ገባ። በክረምት ከብት ተሰማራ፤ ሣሩ ሳይደርስ ታጨደ፤ ጨረንፌው ከነሥሩ ተነቀለ። ከዳር ያለው ምድርም ለገብስ እየታረሰ ገባ። የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ የእርሻ ድንበር ለመለየት ዳኝቷል፣ የባልና የሚስት ጠብም ሰምቷል፤ ብዙ አጥቢያ በአንድነት የሚጠብቀውን ሣር ግን አንዱ ማኅበር ለብቻው ሊዘጋው አልቻለም። በእኛ ፍርድ ጥፋቱ መብቱ ለሁሉ መስፋቱ አይደለም። መብቱ ሲሰፋ ተራ ጥበቃው አብሮ አልሰፋም፤ አዋጁን ያወጡት ሰዎችም በመንዝ ሜዳ ላይ ከርስት ሌላ የሚጠበቅ ሥርዓት እንዳለ አልጠየቁም።

የመንዝ ሰዎች ግን አልተዉትም። ለቀብር የሚሰበሰቡበት ዕድር በእጃቸው ነበረ፤ መዋጮና ተራ፣ ዳኛና ቅጣት ያለበት፣ ሀብታምና ድሀ የማይለይበት ማኅበር ነው። ቄሮን በስሙ ማንሣት በማይቻልበት ዘመን የጓሳን ጥበቃ በዕድር ወግ አስጠጉት። ይህ ጥበብ ነው እንላለን፤ የአባቶቻቸውን ሥርዓት ዘመኑ በማይጠላው ልብስ አለበሱት። በኋላም በጓሳ ዙሪያ ካሉት ቀበሌዎች ሁሉ ሰው ተመርጦ የጓሳ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቄሱና ሽማግሌው፣ ሴቲቱና ወጣቱ በአንድ ጉባኤ ተቀመጡ። በዘመነ ቄሮ ከደጅ የቀረው የጭሰኛ ልጅ አሁን በሙሉ ድምፅ የሚመክር ሆነ። ከቄሮ የወሰዱት መዝጋትና መክፈትን፣ ተራ ጥበቃንም ነው፤ ሐረግ ቆጠራውንና ቤት ማቃጠሉን ተዉት። አጥፊ የተባለም ሰው ዛሬ የሚዳኘው በመተዳደሪያ ደንብና በገንዘብ ቅጣት ነው።

ከዚህም በኋላ ስለ ቀይ ቀበሮ የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ጓሳ መጡ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም አይገኝም፤ ያለውም በጠቅላላ 500 ያህል ነው። በብዙ ስፍራ ከጠፋ በኋላ በመንዝ የቀረበት ምክንያት ሲመረመር ማንም ቀበሮ እጠብቃለሁ ብሎ እንዳልጠበቀው ተገኘ። ሣሩ ሲጠበቅ አይጡ በዛ፣ አይጡ ሲበዛ ቀበሮው ኖረ። የጀርመኑ ፍራንክፈርት ዙኦሎጂካል ሶሳይቲም ለሥራው ድጋፍ ሰጠ፤ የአማራ ክልልም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ብሎ በሕግ አጸናው። ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ጠባቂዎች ይዞሩታል፤ እንግዳ የሚያድርበት ሎጅም በማኅበረሰቡ ስም ተሠራ።

አሁን በጉባኤው ፊት ያለው ጉዳይ አባ ቄራ ያላየው ነው። የመንዝ ጣራ ከሣር ወደ ቆርቆሮ እየተለወጠ ነው፤ ባሕር ዛፍም በየደጁ ተተክሎ ጨረንፌን በማገዶ እየተካ ነው። ይህ ለሣሩ እረፍት ነው፤ ነገር ግን ሣሩን የማይፈልግ ሰው ለሣሩ ተራ ይወጣልን? መሬት ሲደለደል ድርሻ ያልደረሰው ወጣትም አለ፤ በጓሳ ዳር የሚያየው ምድር ሰፊ ነው፣ የአባቱ ማሳ ግን ለወንድሞቹ እንኳ አይበቃም። ይህን ወጣት በቅጣት ብቻ ማስቀረት የቀድሞውን ባለ ርስትና ጭሰኛ በሌላ ስም መመለስ ስለሚሆን፣ ከሎጁና ከጎብኚ የሚገኘው ገቢ አስቀድሞ ለእርሱ እንዲደርስ እንመክራለን። የመክፈቻውን ቀን የመወሰን ሥልጣን ግን ከጉባኤው እጅ እንዳይወጣ እንለምናለን፤ ክልሉ ሕጉን ያጽና፣ ረጂውም ይርዳ፣ ሣሩ ደርሷል ወይም አልደረሰም የሚለውን ቃል ግን በውርጩ ውስጥ ተራ የሚወጣው ሰው ይናገር።