የወረርሽኝ ቁጥር በአምቦ መንገድ

በኅዳር 1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባን ሲመታ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ በከተማዋ ያለቀው ሰውም እስከ 10 ሺህ እንደሚደርስ ተገምቷል። ግምቱ ሊኖር የቻለው ከተማዋ የውጭ ሐኪሞችና የመንግሥታት ወኪሎች መቀመጫ ስለነበረች ነው። ወደ ምዕራብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉት በጊንጪ፣ በአምቦና በጌዶ ግን ሟችን የሚመዘግብ የመንግሥት ሥርዓት አልነበረም።

ይህ ጉድለት ከዘመኑ ጋር አላለፈም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በመንግሥት መዝገብ ማስፈር፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቢታሰብም በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በእነዚህ ከተሞች ሞትን ከማንም አስቀድሞ የሚያውቀው እድር ነው፤ ድንኳን ይተከላል፣ ቀብር ይፈጸማል፣ ለሐዘንተኛው የተሰጠው ገንዘብ በጸሐፊው ደብተር ይሰፍራል፤ የሞቱ ምክንያት ግን የእድሩ ጉዳይ ስላልሆነ አይጻፍም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ይፋ ሲደረግ፣ ናሙና ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ መላኩ ከቀረ ገና ጥቂት ሳምንታት ነበሩ። ይፋ ይሆን የነበረው ቁጥር የታመመውን ሳይሆን ተመርምሮ የተገኘበትን ብቻ ነበር፤ ትኩሳቱን በዳማ ከሴና በነጭ ሽንኩርት የሚያስታግስ፣ ወይም ለይቶ ማቆያ መግባትንና በጎረቤት መገለልን የሚፈራ ሰው በቁጥሩ ውስጥ አልነበረም። ሕዝቡ በአብዛኛው ወጣት በመሆኑ ምልክት ሳያሳዩ በሽታውን ያሳለፉም ጥቂት አይደሉም፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ቁጥርን እንደ ደኅንነት ማንበብ ከባድ ስሕተት ነው። አምቦ በበኩሏ ሰኔ 22 ቀን የተገደለውን ተወላጇን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን በቀበረችበት ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር፤ በዚያ ሐዘንና ፍርሃት መካከል «ሳል ይዞኛል» ብሎ ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው ብዙ ሊሆን አይችልም።

በሐምሌ መጨረሻ የአንድ ወር የምርመራ ዘመቻ ሲጀመር፣ ከ20 ሺህ በታች የነበረው አገራዊ ቁጥር በነሐሴ መጨረሻ ከ50 ሺህ አለፈ፤ በሽታው ይዛመት የነበረ ቢሆንም ፍለጋውም በርትቶ ነበር። ያመለጠው ምን ያህል እንደሆነ ያሳየው የፀረ እንግዳ አካል ጥናት ነው፤ ይህም ሰው ቀደም ሲል ተይዞ እንደነበር በደሙ ውስጥ ከቀረው የመከላከያ ምልክት የሚታወቅበት ዘዴ ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. በጅማ ሕክምና ማዕከል ከተመረመሩት ሠራተኞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህ ምልክት ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ወር የመላ አገሪቱ ይፋ ቁጥር 160 ሺህ አካባቢ ነበር።