የተሸጠው ልጅ የሰጠን መጽሐፍ

ይህ ቃል መጀመሪያ በሬዲዮ የተነገረ ነው። «ፓስተር፣ በወረቀት አውጣልን፤ ለቤታችን ሰዎች እናንብብላቸው» ስላላችሁኝ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ። ዘመኖቹን የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እስቲ ከዚህ ከጌጫ እንነሳ። በማሻ አድርጋችሁ ጎሬ፣ ከጎሬ መቱ፣ መቱን አለፍ ስትሉ ደግሞ ሁሩሙ የሚባል አገር ታገኛላችሁ። ሩቅ አይደለም፤ ቡናው ያው የእኛ ቡና፣ ዝናቡም ያው የእኛ ዝናብ ነው። ከመቶ ስድሳ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት በዚያ አገር አንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ አሉት። ሂካ በኦሮምኛ «የሚፈታ፣ የሚተረጉም» ማለት ነው። ልጁ አባቱን በሕፃንነቱ አጣ። ከዚያም ባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፣ ስሙም ተለውጦ ነሲብ ተብሎ፣ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የሚባል የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣውና በእምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ወንጌላውያን ሚስዮናውያን ሰጠው።

ወገኔ፣ ይህ የአንድ ልጅ ታሪክ ብቻ አይምሰልህ። በዚያ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከጊሚራ፣ ከማጂ፣ ከካፋና ከዙሪያው ሕዝብ እንደ ከብት እየተነዳ ሄዷል። ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር ሰው ተሸጧል። ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ይህ ሩቅ ዘመን ነው እንዴ? አያቶቻችን በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው።

ነሲብ እምኩሉ ሲገባ የሰጡት ፊደል ነበር። ማንበብ ተማረ፤ አንብቦም ጌታን አገኘ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ የሚለውን ስም ያዘ። ይህን ስም ታውቁታላችሁ፤ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ አለ፤ በአማርኛው አናሲሞስ ይባላል። ባሪያ የነበረ ሰው ነው፤ ጳውሎስ ግን ወደ ጌታው ሲልከው እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ተወደደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ለመነለት።

አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግረን አሜሪካ እንሂድ። በ1818 ሜሪላንድ በሚባለው ግዛት ፍሬድሪክ ዳግላስ የሚባል ሰው በባርነት ተወለደ። ልጅ ሳለ የጌታው ሚስት ፊደል ታስተምረው ጀመር። ባልየው ሲሰማ ተቆጣ፤ ባሪያ ማንበብ ከቻለ ለባርነት አይመችም ብሎ ከለከላት። ልጁ ይህን ሰማ። «ለካ የነፃነቴ መንገድ ይሄ ነው» ብሎ በልቡ ያዘው። ከዚያ በኋላ ለባልቲሞር የመንገድ ልጆች ዳቦ እየሰጠ ፊደል ከእነሱ ተማረ። እሱ ዳቦ ሰጣቸው፣ እነሱ ፊደል ሰጡት። በ1838 አመለጠ፤ በ1845 የሕይወቱን ታሪክ ራሱ ጽፎ አሳተመ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዳግላስ ገና በባርነት ሳለ ባልንጀሮቹን ቃሉን ያነቡ ዘንድ በሰንበት ቀን ማስተማር ጀምሮ ነበር። ዱላ ይዘው መጥተው የበተኑት እነማን ናቸው? አረመኔዎች አይደሉም። በቤተ ክርስቲያን መሪ የሚባሉ ሰዎች ነበሩበት! በ1807 ደግሞ ለንደን ውስጥ ለካሪቢያን ባሪያዎች ተብሎ መጽሐፍ ቅዱስ ታተመ፤ እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጣበት የዘፀአት ታሪክ ግን ከውስጡ ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። ለምን? ያነበበ ሰው ይጠይቃላ!

እንግዲህ ማንበብ ብቻውን አያድንም። ባሪያ ጌቶቹም ያነቡ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ሰው ይሸጡ ነበር። ጥያቄው ያነበብከው ቃል ወዴት ወሰደህ የሚል ነው።

ኦኔሲሞስን ወዴት ወሰደው? ወደ ወገኖቹ። ስዊድን ድረስ ሄዶ በዮሐነሉንድ ለአምስት ዓመት ተማረ። ተመልሶ በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ለመግባት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በሌላ መንገድ ሞከረ፤ ከእንጦጦ መለሱት። እግሩ ሲከለከል ብዕሩን አነሳ። አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በ1893 ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በባዝል ከተማ አጠገብ በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። ሂካ ብለው ስም ያወጡለት ወላጆቹ ይህን ያውቁ ነበር? የት ያውቃሉ! ጌታ ግን ያውቅ ነበር።

ብቻውንም አልሠራም። አስቴር ጋኖ የምትባል እህት ነበረች። የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጓት ነበር። በ1886 ለሽያጭ ወደ ዓረብ አገር ስትጫን የጣልያን መርከቦች ጀልባዋን ይዘው ነፃ አወጧት፤ እሷም እምኩሉ ገብታ ተማረች። የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ጻፈች። በ1894 ለታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ብዙውን ያገኘነው ከእሷ ነው። ለገበያ የተጫነች ልጅ ለሕዝብ ፊደል አስተማሪ ሆነች! በ1904 ሁለቱም ወለጋ ገቡ። ኦኔሲሞስ ነቀምት ላይ ተከሰሰ፣ እንዳይሰብክም ተከለከለ፤ ቢሆንም በ1931 እስኪያርፍ ድረስ ሥራውን አልተወም።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስና የራሴን ጥፋት ልናገር። በማገለግልበት ጉባኤ አንዲት እናት ነበሩ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ሁልጊዜ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ ገልብጠው ይይዙታል። እኔ አይቼ ዝም እል ነበር። ለዓመታት! በመጨረሻ ፊደል ያስቆጠረቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት። አንድ እሑድ ከጉባኤ በኋላ ጠሩኝና የያዕቆብን መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ፓስተር ልጄ፣ ይሄን ክፍል ለምን ሰብከህልን አታውቅም?» አሉኝ። ለሀብታሙ የክብር ቦታ፣ ለድሃው የእግር ሥር የሚሰጥ ጉባኤ የተወቀሰበት ክፍል ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው የመጨረሻውን አግዳሚ ወንበር አዩት።

ያ ወንበር ማን እንደሚቀመጥበት ሁላችንም እናውቅ ነበር። በሸካና በካፋ ማንጆ እየተባሉ አብረናቸው እንዳንበላ፣ እንዳንጋባ የተባልንባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ማንም ከኋላ ተቀመጡ አላላቸውም። ማንም ወደ ፊት ኑም አላላቸውም። እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተመርቄያለሁ፤ ያንን ወንበር ያነበቡት ግን ትናንት ፊደል የቆጠሩት እናት ናቸው። የአሜሪካዎቹ ጌቶች የፈሩት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ሦስት ነገር እለምንሃለሁ። ማንበብ ከቻልክ በዚህ ክረምት አንድ ሰው አስተምር፤ እናትህን፣ የቤት ሠራተኛህን፣ ቡና ለቃሚውን። ከመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የማትወደውን ክፍል ዘለህ አትለፍ፤ ያ በራስህ እጅ መቁረጥ ነው። ሦስተኛ፣ «ባሪያ» የሚለውን ስድብ ከቤትህ አውጣ፣ በመጪው እሑድም ሄደህ የኋላው ወንበር ላይ ተቀመጥ፤ ከጉባኤ በኋላም አጠገብህ ያለውን ሰው ቤትህ ጠርተህ አብረኸው ብላ። እኔ ከእነዚያ እናት ጥያቄ በኋላ ጀምሬዋለሁ። ቀላል አልነበረም፤ ያኮረፉም ነበሩ። ማዕዱ ግን ጣፋጭ ነው።

ጌታ ሆይ፣ ያነበብነውን እንድንኖረው ጸጋህን ስጠን። አሜን።