ወደ ዴልሂ ያልገባው ገዥ

በ1814 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰኔ ወር 220 ጀልባዎች ከካልካታ ተነሥተው ወንዙን ሽቅብ ያዙ። የጫኑት የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ጠቅላይ ገዥ፣ ባለቤቱን፣ ትንንሽ ልጆቻቸውን፣ ጸሐፊዎችን፣ የክብር ዘበኞችንና ሲታ ራም የተባለ አንድ ሕንዳዊ ሠዓሊ ነበር። ጉዞው የተፈጸመው በ1815 ጥቅምት ነው። በመካከሉ ቤተሰቡ ከሙርሺዳባድ እስከ አግራ ያሉትን ታላላቅ ከተሞች አየ፣ አንድ ጦርነት ታወጀ፣ አንድ ንጉሠ ነገሥትም ሳይጎበኝ ቀረ።

ገዥው በዚያ ጊዜ የሞይራ ኧርል ይባል ነበር። ታሪክ የሚያውቀው ግን ኋላ ባገኘው ማዕረግ፣ ሎርድ ሄስቲንግስ ተብሎ ነው (ቀደም ብሎ ቤንጋልን የገዛው ዋረን ሄስቲንግስ ሌላ ሰው ነው)። በወጣትነቱ በአሜሪካ ጦርነት የተዋጋ፣ በእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ወዳጅነቱ የታወቀ፣ ዕዳ የከበደው ባላባት ነበር፤ ሲነሣ ዕድሜው ወደ 60 ተጠግቷል። ባለቤቱ ፍሎራ ገና 33 ዓመቷ ነው። እሷም የባሏን ማዕረግ የደረበች አልነበረችም፤ በስኮትላንድ የላውደን ካውንቲስነት በትውልድ የደረሳት ወይዘሮ ናት። ከተጋቡ አሥር ዓመት ሆኗቸዋል።

የጉዞው ዋና ማስረጃ ባልየው የጻፈው የግል ማስታወሻ ነው። የጀመረው ለልጆቹ ብሎ እንደሆነ መግቢያው ላይ ይናገራል። ስለዚህ አንባቢ መጠንቀቅ አለበት፤ አባት ለልጆቹ የሚተወው ታሪክ ራሱን ፍትሐዊ አድርጎ ማሳየቱ አይቀርም። ሁለተኛው ማስረጃ የሲታ ራም ሥዕሎች ናቸው፤ 229 የውሃ ቀለም ሥዕሎች በአሥር አልበሞች ተሰብስበዋል። ፍሎራን የምናገኛት በአብዛኛው በእነዚህ በሁለቱ በኩል ነው፣ በባሏ ብዕርና በሠዓሊው ብሩሽ።

በዝናብ ወራት መነሣታቸው ታስቦበት ነው። ካልካታን ከጋንጀስ የሚያገናኘው የባጊራቲ ወንዝ በበጋ ይጎድላል፤ ትልልቅ ጀልባ የሚያሳልፈው በዝናብ ሲሞላ ብቻ ነው። ነፋስ ሲኖር በሸራ ይሄዳሉ፤ ሲጠፋ ጀልበኞቹ ዳር ዳሩን እየተራመዱ በገመድ ይጎትታሉ። እንዲህ ያለው ቀርፋፋ ጉዞ ለሠዓሊ ይመቻል። ፓትና ላይ ሲታ ራም ጎልጋርን ሣለ፤ ከ1770ው አሰቃቂ ረሃብ በኋላ የታሰበና በ1786 የተጠናቀቀ፣ የንብ ቀፎ የመሰለ ግዙፍ የእህል ጎተራ ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል ዙሪያውን ጠምጥሞ ይወጣል። አፉን ሞልቶ እህል የተቀመጠበት ጊዜ የለም። ቤናረስን ካለፉ በኋላ በአላሃባድ የልዑል ኩስራው መቃብር ያለበትን የአትክልት ስፍራ አገኙ፤ ኩስራው በአባቱ በሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት በጃሃንጊር ላይ አምፆ በ1622 የሞተው ነው። ካንፑር ላይ ከወንዙ ወጥተው ጉዞው በዝሆንና በድንኳን ሆነ።

ላክናው ሲደርሱ ጉብኝቱና ፖለቲካው ተቀላቀሉ። የአዋድ ናዋብ (ገዥ) ሳዳት አሊ ካን ሞቶ የነበረው ገና በሐምሌ፣ ገዥው በወንዝ ላይ ሳለ ነው፤ የተቀበላቸው ልጁ ጋዚ ኡድ ዲን ሃይደር ነበር። እንግዶቹ በ1784 በሌላ ረሃብ ዘመን ለተራበው ሕዝብ ሥራ እንዲሆን ግንባታው የተጀመረውን ታላቁን ኢማምባራ (የሺዓ ሙስሊሞች የሐዘን መታሰቢያ አዳራሽ) ከያዘች ከተማ ገብተው በግብዣና በዝሆን ፍልሚያ ተስተናገዱ። ከግብዣው ጀርባ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። ኩባንያው ከኔፓል ጋር ሊዋጋ ገንዘብ አጥሮታል፤ ናዋቡ አንድ ክሮር፣ ማለትም አሥር ሚሊዮን ሩፒ ያህል አበደረ፤ ኋላም ሌላ ጨመረ። ጦርነቱ በይፋ የታወጀው ከዚያው ከላክናው፣ ኅዳር 1 ቀን 1814 ነው። በዋዜማው የእንግሊዙ ጄኔራል ጊለስፒ በኔፓሎቹ በካሉንጋ ምሽግ ሥር ተገድሎ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ጉዞ እንደ ሽርሽር ሲያወሩት የሚረሱት ይህንን ነው፤ ሠዓሊው ሕንጻ በሚሥልባቸው ወራት በሰሜን ተራሮች ላይ ሰው ይረግፍ ነበር።

በእኔ ግምት ከጉዞው ሁሉ ክብደት ያለው ነገር ግን የሆነው ሳይሆን የቀረው ነው። በዴልሂ የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ አክባር ሻህ ተቀምጧል። እንግሊዞች ከተማዋን በ1803 ከያዙ ወዲህ ኑሮው በእነሱ ድርጎ ነው፤ ሥልጣኑ ከቀዩ ምሽግ ግንብ ብዙም አያልፍም። ሆኖም የኩባንያው ሩፒ የሚመታው አሁንም በአባቱ በሻህ አላም ስም ነበር፤ ይህም እስከ 1835 ዘለቀ። የጠቅላይ ገዥው ማኅተም ሳይቀር ገዥውን የንጉሠ ነገሥቱ አገልጋይ ይለዋል። በአዳራሹ ወግ መሠረት የሚቀርብ ሰው እጅ መንሻ ያቀርባል፣ ካባ ይለብሳል፤ ይህን ያደረገ ሁሉ በአገሬው ዓይን ሎሌነቱን አምኗል። ሄስቲንግስ ይህ እንዲቀርለት ፈለገ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ የአባቶቹን ወግ አልለውጥም አለ። ገዥው ወደ ዴልሂ ሳይሄድ ቀረ። ከማኅተሙም «አገልጋይ» የሚለውን ቃል አስወጣ።

ፍሎራ ግን ሄዳ ከተማዋን አየች። ሴት በመሆኗና ሹመት ስለሌላት፣ ቀዩን ምሽግ ብታይ ወይም በጁማ መስጊድ ሥር ብታልፍ ማንም ግብር ገባች አይልም። ኩቱብ ሚናርን በዚያ ዘመን ያየ ሁሉ ያገኘው የ1803ቱ መሬት መንቀጥቀጥ አናቱን ያፈረሰውን ግንብ ነው። የሕንድ ጌታ ነኝ የሚለው ሰው ያልደፈረውን ደጅ ሚስቱ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ተመላለሰችበት። ንጉሠ ነገሥቱ ጎስቋላ ነበር፤ ግን በእጁ የቀረችው ያቺ ወግ ገዥውን ለማስቀረት በቅታለች።

አግራ ላይ ባልና ሚስት አብረው ጎበኙ። በ1631 ለሞተችው ሚስቱ ለሙምታዝ ማሃል ንጉሠ ነገሥት ሻህ ጃሃን ያሠራውን ታጅ ማሃል ሲታ ራም ደጋግሞ ሣለው። በምሽጉ ሥር ተጋድሞ የነበረውን ግዙፍ መድፍም ሥሏል፤ መድፉ በ1833 ለብረቱ ሲባል በባሩድ ተሰባብሯል። ሄስቲንግስ በ1815 በፋቴፑር ሲክሪና በሲካንድራ ያሉት ሕንጻዎች እንዲጠገኑ አዘዘ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የኩባንያው መኮንን ዊልያም ስሊማን በ1844 በታተመው መጽሐፉ ሌላውን ገጽታ ያነሣል። እንደ ስሊማን አባባል፣ ሄስቲንግስ በገዥነቱ ዘመን ከአግራ ቤተ መንግሥት እጅግ ካማሩት የእብነ በረድ መታጠቢያዎች አንዱን አስፈርሶ ለወዳጁ ለአልጋ ወራሹ ልኳል፤ የቀረውን እብነ በረድ ኋላ ጠቅላይ ገዥ የሆነው ሎርድ ቤንቲንክ በጨረታ ሸጦታል። ታጅ ራሱ ሊፈርስ ነበር የሚለው ወሬ መነሻው ይኸው ጨረታ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው በአንድ እጁ ሲጠግን በሌላው ሲነቅል ይታያል፤ የዘመኑ ሹማምንት በዚህ ብዙም ሲጨነቁ አናይም።

ንጉሠ ነገሥቱን የማሳነሱ ሥራ ከዚያ በኋላም ቀጠለ። በ1819 የአዋድ ናዋብ በሄስቲንግስ አይዞህ ባይነት ራሱን ንጉሥ አሰኝቶ ዘውድ ጫነ። በ1827 ጠቅላይ ገዥው ሎርድ አምኸርስት ዴልሂ ገብቶ ያለ እጅ መንሻ፣ በወንበር ተቀምጦ ከአክባር ሻህ ጋር ተነጋገረ፤ ሄስቲንግስ የፈለገው ለእሱ ተሳካለት። ሄስቲንግስ ከዚያ በፊት፣ በ1826፣ የማልታ ገዥ ሳለ በኔፕልስ አቅራቢያ መርከብ ላይ ሞቷል። ቀኝ እጁ ተቆርጦ እንዲቀመጥና ሚስቱ ስትሞት አብሯት እንዲቀበር ተናዞ ነበር፤ ፍሎራ በ1840 ስትሞት ኑዛዜው ተፈጸመ።

ማስታወሻውን ልጁ የቢዩት ማርሽዮነስ በ1858 አሳተመችው፤ የአክባር ሻህ ልጅ ባሃዱር ሻህ ወደ ራንጉን የተጋዘበት፣ ኩባንያውም ሕንድን ለዘውዱ ያስረከበበት ዓመት ነው። አልበሞቹን የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የገዛው በ1995 ነው። ሲታ ራም ስለ ራሱ የተወው ጽሑፍ የለም፤ ስሙ የቆየው ሥዕሎቹ የእሱ መሆናቸውን በሚገልጸው የአልበሞቹ ርእስ ነው።