አሮጌው ሌንስና የራያ ቆላ
ከመቅደላ ዘመቻ እስከ መስተዋት አልባው ካሜራ

ከወልድያ ወደ ሰሜን የሚያቀናው አውራ ጎዳና ጎብዬን አልፎ ቆቦ ከመድረሱ በፊት ሮቢትን ያገኛል። ይህች ሮቢት በራያ ቆላ የምትገኘው ናት እንጂ በሸዋ ያለችው ሞክሼዋ አይደለችም። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብም የደጋው ገደል እንደ ግድግዳ ቆመው፣ በመካከላቸው ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። ክረምቱ የሠመረ እንደ ሆነ ጎሊናና ሆርማት የደጋውን ጎርፍ ይዘው ወርደው ማሳውን ያጠጣሉ፤ ዝናቡ የቀረ እንደ ሆነ ግን ያው ለም አፈር ተሰነጣጥቆ ገበሬውን ስደት ያስጀምረዋል።

በዚህ ሜዳና በዙሪያው ባለው ደጋ ከ150 ዓመታት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የዘመቻ፣ የጦርነትና የረሃብ ካሜራዎች ተፈራርቀዋል። ከእነዚህም የሚበዙት በክፉ ቀን መጥተው በክፉ ቀን የተመለሱ ናቸው። የአካባቢው ሰው በሌንሱ ታየ እንጂ በሌንሱ የማየት ዕድል እምብዛም አላገኘም። ያም ሆኖ እንግዶቹ ይዘዋቸው የመጡት ዓይነት ሌንሶች በዘመናዊው መስተዋት አልባ ካሜራ ላይ እንደገና መሥራት በመጀመራቸው፣ ይህን የታሪክ ዝንፈት በጥቂቱም ቢሆን ለማቃናት የሚያስችል መሣሪያ ተገኝቷል። ነገሩ ግን እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት በመጀመሪያ የካሜራውን ጉዞ፣ ቀጥሎም የሌንሱን አሠራር መመልከት ያስፈልጋል።

መንገዱና ካሜራው

ፎቶግራፍ ወደ ኢትዮጵያ ጎልቶ የገባው በጦር ሠራዊት ጓዝ ውስጥ ነው ለማለት ይቻላል። በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር በ1860 ዓ.ም. ከዙላ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲዘምት፣ ከመሐንዲሶቹ ክፍል የተውጣጡ ፎቶግራፍ አንሺ ወታደሮች አብረውት ነበሩ። ጦሩ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ አድርጎ ከራያ ቆላ በላይ ያለውን ደጋ እያቋረጠ ሄደ። በዚያ ዘመን ሥዕል የሚነሣው በብርጭቆ ሰሌዳ ላይ ነበር። ሰሌዳው መድኃኒት ተቀብቶ ገና እርጥብ ሳለ መነሣት፣ ወዲያውም በጨለማ ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። መሐንዲሶቹ የመሬቱን አቀማመጥ ከማንሣታቸውም ሌላ የዘመቻውን ካርታዎች በካሜራ ያባዙ ነበር። ስለዚህ ካሜራ በዚህ አገር ከሠራቸው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የመሐንዲስ ሥራ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከዚያ በኋላ ሌላ መሐንዲስ ሙያውን ከቤተ መንግሥት ጋር አስተዋወቀው። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው የስዊስ ተወላጅ አልፍሬድ ኢልግ ዳግማዊ ምኒልክን በምሕንድስናና በምክር ሲያገለግል፣ ሰውንና ሕንፃን፣ ገበያንና ሥነ ሥርዓትን በፎቶግራፍ አንሥቷል። ሥዕሎቹም ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ደግሞ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ ሠርቶ ሙያውን ለልጆቹ አወረሰ። ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ካሜራው የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ነበር እንጂ የቆላው ገበሬ አልነበረም።

በ1928 ዓ.ም. ካሜራው ወደ ራያ ዙሪያ ተመለሰ። መጋቢት 22 ቀን የማይጨው ጦርነት በተደረገ ጊዜ፣ የኢጣልያ መንግሥት ሉቼ በሚባለው የፊልም ድርጅቱ አማካይነት ሥዕል አንሺዎችን ለጦርነቱ አሰልፎ ነበር። በአሸንጌ በኩል ሲያፈገፍግ በአውሮፕላን ቦምብ ያለቀው ሠራዊት ታሪክ ግን ድል አድራጊው እንዲታይ በፈለገው መጠን ብቻ ታየ።

በ1965 ዓ.ም. ድርቅ የወሎን ቆላ በመታው ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት ላይ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀናብሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በሌንስ ውስጥ ያለፈ ብርሃን መንግሥትን እስከ ማናጋት እንደሚደርስ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ከ10 ዓመት በኋላ ረሃቡ ተመለሰ። ከቆቦ በስተ ሰሜን ከአላማጣ ተነሥቶ የግራካሱን ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ኮረም ይደርሳል። ኬንያዊው መሐመድ አሚን ከጋዜጠኛው ማይክል በርክ ጋር በመቀሌና በኮረም የቀረጸው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስደነገጠ። በዚያው ሰሞን ብራዚላዊው ሰባስትያኦ ሳልጋዶ ኮረም ገብቶ በላይካ ካሜራው ያነሣቸው ጥቁርና ነጭ ሥዕሎች ከዘመኑ ታላላቅ ፎቶግራፎች ተቆጠሩ። የራያ ገበሬና የጎረቤቱ ፊት በዓለም ሁሉ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ በሠርጉ ሳይሆን በመከራው፣ በአዝመራው ሳይሆን በረሃቡ።

መስተዋቱ ይዞት የነበረ ቦታ

ሌንስ በስሌት የሚሠራ ዕቃ ነው። ዮሴፍ ፔትዝቫል እ.ኤ.አ. በ1840 በቪየና የመጀመሪያውን ፈጣን የሰው መልክ ማንሻ ሌንስ ሲነድፍ፣ ስሌቱን የሠሩለት ሒሳብ የሚያውቁ የኦስትሪያ መድፈኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1902 ፓውል ሩዶልፍ በሳይስ ፋብሪካ ቴሳር የሚባለውን በአራት ብርጭቆ የተዋቀረ ሌንስ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1935 የዚያው ፋብሪካ ባልደረባ አሌክሳንደር ስማኩላ ብርጭቆን በስስ ሽፋን በመቀባት ነጸብራቅን የሚቀንስ ዘዴ አገኘ። ከዚህ በኋላ የተሠሩ መልካም ሌንሶች በመሠረታዊ ባሕርያቸው ዛሬም አላረጁም። ያረጀው ካሜራቸው ነው፤ የፊልም ገበያ ቀዘቀዘ፣ የፊልም ማጠቢያ ቤቶችም ተዘጉ።

ታዲያ አሮጌውን ሌንስ በአዲስ ካሜራ ላይ ለመግጠም ለረጅም ዘመን ያስቸገረው ምን ነበር? መልሱ አንድ ልክ ነው። ይኸውም ሌንሱ ከሚያርፍበት የብረት ቀለበት እስከ ፊልሙ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ሌንሱ በሩቅ ያለውን ነገር አጥርቶ የሚጥለው በዚሁ ርቀት ላይ ስለ ሆነ፣ ልኩ ከተዛነፈ ምስሉ ይደበዝዛል። እ.ኤ.አ. በ1954 በወጣው የላይካ ኤም ካሜራ ላይ ርቀቱ 27.8 ሚሊ ሜትር ነው። በሌንሱና በፊልሙ መካከል ባለ 45 ዲግሪ መስተዋት በሚገባባቸው ካሜራዎች ግን መስተዋቱ ብድግ የሚልበት ቦታ ያስፈልጋል። በዚህም ምክንያት ኤም 42 በሚባለው የጥርስ ማሰሪያ 45.46፣ እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣው ኒኮን ኤፍ ደግሞ 46.5 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከነዚህ እኩል በሚረዝም ወይም በሚበልጥ ካሜራ ላይ የላይካን ሌንስ መግጠም ማለት ሌንሱን መስተዋቱ ውስጥ መክተት ማለት ስለ ሆነ ፈጽሞ አይቻልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 ፓናሶኒክ መስተዋቱን አውጥቶ በምትኩ ምስሉን በኤሌክትሮኒክስ መስኮት የሚያሳይ ካሜራ ለገበያ አቀረበ፤ ርቀቱም 19.25 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 18 ሚሊ ሜትር አወረደው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ በዚሁ ማሰሪያ ላይ የድሮውን ፊልም የሚያህል 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ምስል መቀበያ ገጠመ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒኮን በ16፣ ካነን በ20 ሚሊ ሜትር ተከተሉ። መስተዋቱ ለቅቆት የሄደው ባዶ ቦታ አዳፕተር በሚባል ማገናኛ ቀለበት ሊሞላ ቻለ።

የቀለበቱ ልክ

ሒሳቡ ቀላል ነው። የኤም 42 ሌንስ በሶኒ ላይ እንዲቀመጥ 45.46 ሲቀነስ 18 ይሆናል፤ ቀለበቱ 27.46 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይኖረዋል። ለላይካ ኤም ሌንስ 9.8 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በቀለበቱ ውስጥ ብርጭቆ የለም፤ ባዶ ብረት ነው።

ባዶ ብረት ቢሆንም ግን ጥንቃቄ ይሻል። የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀለበት በ0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ወፍሮ ቢሠራ፣ ሌንሱ ወደ መጨረሻው ሩቅ ምልክት ተዙሮ እንኳ ከ25 ሜትር አሳልፎ አያጠራም፤ የትኩረት ርዝመቱ በራሱ ተባዝቶ ለስሕተቱ ሲካፈል የሚገኘው ይህ ነውና። ከሮቢት ሆኖ የዞብልን ተራራ ለማንሣት የፈለገ ሰው በደጁ ያለውን ግራር ብቻ አጥርቶ ተራራውን ያደበዝዘዋል ማለት ነው። ብዙ ሠሪዎች ቀለበቱን ከልኩ በጥቂቱ የሚያሳንሱትም ለዚህ ነው፤ ያነሰ እንደ ሆነ ሌንሱ ከሩቁ ምልክት አልፎ ስለሚሄድ አንሺው በዐይኑ እያየ መልሶ ያጠራዋል።

አሠራሩም በእጅ ነው። የብርሃኑን ቀዳዳ በሌንሱ ቀለበት ማጥበብ፣ ርቀቱንም በጣት ማዞር ያስፈልጋል። ካሜራው ሌንስ እንደ ተገጠመለት ስለማያውቅ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ በምርጫው ላይ መታዘዝ አለበት። በመስኮቱ ውስጥ ምስሉን አጉልቶ ማየት ስለሚቻል ግን የማጥራቱ ሥራ ከፊልሙ ዘመን ይልቅ ቀልሏል። የካሜራው ምስል መቀበያ ከድሮው ፊልም ያነሰ ከሆነ የሌንሱ እይታ ይጠባል፤ በ1.5 እጥፍ በሚያንሰው ላይ የ58 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ87 ሚሊ ሜትር ያህል ያቀርባል። ለሰው መልክ ይህ ጉዳት አይደለም።

በመሳቢያ የቀሩት ሌንሶች

በደርግ ዘመን እጅግ ብዙ ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልከዋል። የእነዚህ አገሮች የታወቁ ካሜራዎች ዜኒትና ፕራክቲካ ሲሆኑ፣ ሁለቱም ለብዙ ዓመታት የያዙት ያንኑ ኤም 42 የሚባለውን ማሰሪያ ነበር። በዜኒት ላይ የሚገኘው ሄልዮስ 44 የሚባለው የ58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከጀርመኑ ባዮታር የተወረሰ ንድፍ ነው፤ ከሰው ጀርባ ያለውን ቅጠል እያሽከረከረ የሚያደበዝዝበት ጠባዩ ድሮ እንደ ጉድለት ቢቆጠርም ዛሬ በብዙዎች ይፈለጋል። እንዲህ ያለ ሌንስ በደሴም ሆነ በወልድያ ወይም በቆቦ ከጡረተኛ መምህር ወይም ከቀድሞ ፎቶ ቤት መሳቢያ የወጣ እንደ ሆነ፣ በውጭ ምንዛሪ አዲስ ሌንስ መግዛት ለማይችል ወጣት ትልቅ ሀብት ነው።

ሀብቱ ግን ሳይመረመር አይወሰድም። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንቶ ሲያዩት በብርጭቆው ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ ካለ፣ ሻጋታው ሽፋኑን በልቶ ሊሆን ይችላል። የቀዳዳው ምላሶች በዘይት ከተለወሱ ይዘገያሉ። የራያ አቧራ ደግሞ በማዞሪያው ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ቅባት ጋር ሲደባለቅ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃል፤ ሌንሱን በሜዳ ላይ መፍታት የማይገባውም ስለዚህ ነው። ሽፋናቸው ቀጭን የሆነ አሮጌ ሌንሶች የቆላውን ፀሐይ ፊት ለፊት አይወዱትም፤ ጥላ የሚያጠላ ክዳን ያሻቸዋል። እንደ 50 ሚሊ ሜትሩ ታኩማር ኤፍ 1.4 ያሉ አንዳንዶቹ በብርጭቋቸው ውስጥ ቶርየም ስላለ በዕድሜ ብዛት ቢጫ ይሆናሉ፤ ለብዙ ቀናት ለፀሐይ ብርሃን ሲጋለጡ ቢጫው ይቀንሳል። ሆኖም ሌንስ ፀሐይን ሰብስቦ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል በስተ ኋላው በሚገባ መከለል አለበት።

መደምደሚያ

የራያ ታሪክ በፎቶግራፍ ሲፈለግ ለንደን፣ ሮማና ዙሪክ ይኬዳል። በእነዚያ መዛግብት ውስጥ ጦሩና ረሃቡ አሉ። የሆርማት ጎርፍ ወደ ማሳ የሚጠለፍበት የገበሬው ብልሃት፣ በቆቦና ጊራና ሸለቆ ከከርሰ ምድር ውኃ እየተሳበ የሚለማው መስኖ፣ የማሽላው ውድማና የሮቢት ገበያ ግን በዚያ ልክ አይገኙም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አካባቢውን ባዳረሰ ጊዜም የዓለም ዐይን እንደገና ወደዚያ የዞረው በመከራ ምክንያት ነበር።

ኤም 42 የተባለው ጥርስ 42 ሚሊ ሜትር ስፋትና የ1 ሚሊ ሜትር እርምጃ ያለው ተራ የሜትር ጥርስ ነው፤ ጥሩ ቶርኒዮ ያለው ማንኛውም የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሊቆርጠው ይችላል። የካሜራውን በኩል የሚይዘው ክፍል ተገዝቶ ቢመጣ እንኳ ልኩን ለክቶ የሚያስተካክል የሙያ ሰው በአገር ውስጥ አይታጣም። እንግዲህ የሙያ ማኅበራት አባሎች በየቤታቸው የተቀመጡትን አሮጌ ሌንሶች መርምረው፣ ቀለበታቸውን አሠርተው፣ ለቆላው ትምህርት ቤቶችና በመስኖው ሥራ ላይ ላሉ ወጣት ባለሙያዎች ቢያስረክቡ፣ ከ150 ዓመታት በላይ የታየው ሕዝብ ራሱን ለማየት የሚጀምርበትን ቀን ማቅረብ ይቻላል። ለዚህም የሚጠይቀው ወጪ 27.46 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ቁራጭ አሉሚኒየምና ከጥቂት ቀን የእጅ ሥራ እምብዛም አይበልጥም።