ከማሳ እስከ ገበታ፦ አንጀትን ከተላላፊ በሽታ የሚጠብቁ ምግቦች

አርሶ አደሩ ከማሳውና ከጓሮው የሚሰበስበው ምርት ረሃብን ከማስታገስ ያለፈ ፋይዳ አለው። በተለይ ጥራጥሬና አትክልት የአንጀትን ጤና በመጠበቅ ሰውነት ተላላፊ በሽታዎችን እንዲቋቋም ያግዛሉ።

በትልቁ አንጀት ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ቦታና ምግብ በመሻማት በሽታ አምጪዎቹ እንዳይስፋፉ ይከላከላሉ። ዋነኛ ምግባቸው የሰው አካል ራሱ ሊፈጨው የማይችለው አሰር ነው። አሰሩን ሲያብላሉት የሚፈጠሩት አሲዶች የአንጀትን ግድግዳ ሕዋሳት ይመግባሉ።

አሰር የሚገኘው ከየት ነው?

ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ፍሩሽካው ያልወጣለት የስንዴ ዱቄት በአሰር የበለጸጉ ናቸው። የጤፍ ፍሬም እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከነቅርፊቱ ስለሚፈጭ አሰሩ አይባክንም።

የማቡካትና የማብቀል ጥቅም

ሊጥ ሲቦካ፣ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚያስቀረው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ጥራጥሬን በበቆልት መልክ መመገብም ተመሳሳይ ጥቅም አለው። ዚንክ ለአንጀት ግድግዳና ለበሽታ መከላከል አቅም አስፈላጊ ነው። ሆኖም እንጀራ ሲጋገር በሊጡ የነበሩት ባክቴሪያዎች በሙቀት ይሞታሉ፤ ሕያዋን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች የሚገኙት እንደ እርጎ ካሉ ምግቦች ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው

ከጥሬ ወተት የተዘጋጀ እርጎ ብሩሴሎሲስንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ መኮምጠጡ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ ወተቱን አፍልቶ፣ ለብ ሲል ከፈላ ወተት ከተዘጋጀ እርጎ ጥቂት ጨምሮ በንጹሕ ዕቃ ማርጋት ይገባል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ይችላል፤ በወንዝ ውኃ የለማ ሰላጣም በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ መታጠብ አለበት።

ለሕፃናት

ሕፃን እስከ 6 ወር ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ ሊያገኝ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጡት ሳይቋረጥ፣ ጥራጥሬ የተቀላቀለበት ገንፎ፣ እንቁላል፣ ዱባና ካሮት ይጨመርለታል። ተቅማጥ ሲይዘው ምግብ መከልከል ይጎዳዋል፤ ኦአርኤስ እየጠጣ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ጭምር ይገድላል። ምግብ ንጹሕ ውኃን፣ መጸዳጃ ቤትንና የሮታ ቫይረስ ክትባትን እንደማይተካም መዘንጋት አይገባም።

ጥራጥሬ፣ እንቁላልና ወተት ገንዘብ የሚያስገኙ በመሆናቸው ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ገበታ ይልቅ ወደ ገበያ ያመራሉ። ምርቱ ከመሸጡ አስቀድሞ የልጆችን ድርሻ ማስቀረት ግን ነገ ለሕክምና የሚወጣውን ገንዘብ ሊያድን ይችላል።