ቋንጣ፣ አሞሌና የደም ግፊት



ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት እዚህ አማኑኤል አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ፦ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ግፊታቸው ከፍ ብሎ የሚመጡ ታካሚዎች። አንዲት እናት «ልጄ፣ ጨው ካቆምኩ ቆየሁ» አሉኝ። ምሳቸው ግን ለሁለት ሳምንት የቋንጣ ፍርፍር ነበር። ወጡ ላይ ጨው አልጨመሩም፤ ጨው የነበረው ቋንጣው ውስጥ ነው።

ፍሪጅ ባልነበረበት ዘመን የቅርጫ ሥጋ ሳይበላሽ የሚቆየው በጨው፣ በበርበሬና በነፋስ ነበር። ጨው ከሥጋው ውስጥ ውኃውን ስቦ ያወጣል፤ ባክቴሪያ ደግሞ ያለ ውኃ አይራባም።

ይህን ዘዴ አየርላንዶችም ያውቁታል። ኮርክ የተባለችው የወደብ ከተማቸው በ18ኛው ክፍለ ዘመን በጨው የተዘፈዘፈ የበሬ ሥጋ በበርሜል እያሸገች ለመርከቦች ትሸጥ ነበር። ድሃው አየርላንዳዊ ግን እምብዛም አይቀምሰውም። የበዓል ምግብ ያደረጉት ወደ አሜሪካ የተሰደዱት ናቸው፤ ዛሬም በቅዱስ ፓትሪክ ዕለት፣ በእኛ መጋቢት 8 ቀን፣ ከጥቅል ጎመን ጋር ቀቅለው ይበሉታል።

በእኛ አገር ደግሞ ጨው ራሱ ገንዘብ ነበር። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችን የነበረው ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በአሞሌ እንደምንገበያይ ጽፏል። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተቆርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣል፤ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደታወቀው ወደ እኛው የባሶ ገበያ ሲደርስ ርካሽ አልነበረም። ገንዘቡን ወጥ ውስጥ እንደልቡ የሚበትን አልነበረም።

ዛሬ ጨው ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ግን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ አይሞላም።

ስለዚህ፦

✅ ቋንጣውን ከመሥራትዎ በፊት በንጹህ ውኃ ይዘፍዝፉና ውኃውን ይድፉ። በርበሬው ቢታጠብ አይቆጩ፤ ወጡ ላይ ይጨመራል።
✅ ወጡ ላይ ተጨማሪ ጨው አያድርጉ።
✅ በደንብ ያብስሉት። ጨውና ነፋስ የኮሶን እጭ ይገድላሉ ብለው አይተማመኑ።
✅ ግፊት ካለብዎ ቋንጣን አልፎ አልፎ፣ በትንሹ ይብሉ፤ መድኃኒትዎን በበዓልም አያቋርጡ።

ከተለኩ ቆይተው ከሆነ፣ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ጎራ ብለው ይለኩ። ግፊት ብዙ ጊዜ ሳያሳምም ይጎዳል።

ለእናት አባትዎ ያንብቡላቸው፣ ለሌሎችም ያጋሩ። ጤና ይብዛልን!