ከአዲስ አበባ እስከ ጢያ፦ የአንድ ቀን የታሪክ ጉብኝትና የማስረጃ ጥያቄ

የታሪክ ትምህርት በክፍል ውስጥ ሲሰጥ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበለው የተጠናቀቀ ፍርድ ነው። መጽሐፉ «እንዲህ ነበረ» ይላል፤ መምህሩ ያንኑ ያብራራል፤ ተማሪውም ለፈተና ይይዘዋል። ፍርዱ በምን ማስረጃ ላይ እንደ ተመሠረተ፣ ማስረጃውን ማን እንዳገኘው፣ ሌላ ሰው ቢመረምረው ደግሞ ሌላ ነገር ሊል ይችል እንደ ሆነ እምብዛም አይነሣም። ለዚህ ጉድለት ከሚበጁት መፍትሔዎች አንዱ ተማሪውን ማስረጃው ወዳለበት ቦታ መውሰድ መሆኑን የማይቀበል የታሪክ መምህር ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ «የትምህርት ጉዞ» ሲባል በሐሳባችን የሚመጡት አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ናቸው። ለእነዚህ የሚያስፈልገው የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ከአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች አቅም በላይ ስለ ሆነ ጉዞው በዓመቱ ዕቅድ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ከዚህ የተለየ ሐሳብ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ 90 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ፣ ጠዋት ተነሥቶ ማታ ቤት ለመግባት የሚያስችሉ ሦስት ስፍራዎች አሉ፤ እነርሱም መልካ ቁንጡሬ፣ አዳዲ ማርያምና ጢያ ናቸው። ለአንድ ቀን ጉብኝት የመረጥናቸው ስለ ቅርበታቸው ብቻ አይደለም። ሦስቱ ሦስት ዓይነት የታሪክ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ አንዱ በአፈር ንጣፍ ውስጥ የተቀበረ፣ ሁለተኛው ዛሬም በአገልግሎት ላይ ያለ፣ ሦስተኛው ደግሞ በግልጽ የቆመ ነገር ግን ያልተነበበ ነው።

«መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ በላይኛው የአዋሽ ሸለቆ ይገኛል። ይህ ከፍታ ልብ ሊባል ይገባዋል። ስለ ሰው ዘር አመጣጥ የሚናገሩት የአገራችን ዕውቅ ስፍራዎች አብዛኞቹ በአፋርና በኦሞ ቆላዎች የሚገኙ ሲሆኑ መልካ ቁንጡሬ ግን የጥንቱ ሰው ወደ ደጋው መቼ እንደ ወጣና በዚያ ብርድ እንዴት እንደ ኖረ ለመጠየቅ ያስችላል።

ስፍራው በጥናት ዓለም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ የሆላንድ ተወላጅ የውኃ ጥናት ባለሙያ ወንዙ በሸረሸረው ገደል ላይ የድንጋይ መሣሪያዎችን ካየ በኋላ ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ፈረንሳዊው ጄራር ባዩ ቦታውን አሰሰ፤ ከ1965 ጀምሮም ዣን ሻቫዮን ለሠላሳ ዓመታት ያህል ቁፋሮውን መራ። ከ1999 ወዲህ ሥራው በኢጣሊያ የጥናት ቡድን፣ መጀመሪያ በማርቼሎ ፒፐርኖ ኋላም በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ቀጠለ። ጎምቦሬ፣ ጋርባ፣ ካሬና ስምቢሮ የሚባሉት የቁፋሮ ቦታዎች ስም የተወሰደው ከአካባቢው ጅረቶችና መንደሮች መጠሪያ ነው። ለተማሪዎች ይህ ሁሉ ስምና ዓመተ ምሕረት እንዲሸመደድ አይደለም የተነገረው። አንድ የእሳተ ገሞራ አመድ ንጣፍ ተነቦ ዕድሜው እስኪታወቅ ድረስ የስንት ሰው ዕድሜ እንደሚያልፍ እንዲገነዘቡ ነው። ለምሳሌ በ1981 በጋርባ የተገኘው የአንድ ሕፃን የታችኛው መንጋጋ በ2023 በታተመ ጥናት የሆሞ ኤሬክተስ መሆኑና ዕድሜውም ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ተገልጿል። በግኝቱና በዚህ ፍርድ መካከል ከአርባ ዓመታት በላይ አለፈ ማለት ነው።

ለእኛ ለመምህራን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በጎምቦሬ የተገኘው የእግር አሻራ ይመስለኛል። በ2018 ይፋ በሆነው ጥናት መሠረት ከ700,000 ዓመታት በፊት በአንድ የውኃ ዳር ጭቃ ላይ የአዋቂዎችና የሕፃናት እግር ከእንስሳት ኮቴ ጋር ታትሞ ቀርቷል። ከሕፃናቱ መካከል ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት የሚገመት ነበሩበት። በዚያው ቦታ የድንጋይ መሣሪያዎችና ሥጋው የተበለተ የጉማሬ አጥንት ተገኝቷል። አጥኚዎቹ ከዚህ በመነሣት ሕፃናቱ አዋቂዎች ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ በአጠገባቸው እንደ ነበሩ ይናገራሉ። በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋሞቻችን የትምህርት ታሪክ ሲሰጥ መነሻው የቄስና የቁርዓን ትምህርት ቤት፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤት የሚናገር ታሪክ ከዚያ ይጀምራልና። መማር ራሱ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለማሰብ ግን የዕጩ መምህራን ቡድን በጎምቦሬ ጥቂት ቆሞ ቢወያይ ጊዜው አይባክንም።

በስፍራው ያለው ቤተ መዘክር አነስተኛ ነው። በጎጆ ቅርፅ በተሠሩት ቤቶች ውስጥ የአካባቢው የመሬት አፈጣጠር፣ የጥንት እንስሳት አጥንትና የድንጋይ መሣሪያዎች ተደርድረዋል። ከቤቶቹ ወጣ ብሎ ደግሞ የቁፋሮው ወለል እንደ ተገኘ በመጠለያ ሥር ለጎብኚ ክፍት ተደርጓል። ትልቅ ቤተ መዘክር ሊሰጠው የማይችለው ነገር ይኸው ነው፤ ዕቃው ከተገኘበት አፈር ጋር ይታያል። በሌላ በኩል ከሰው አጥንት ቅሪቶች ዋነኞቹ አዲስ አበባ ስለሚጠበቁ እዚህ የሚታየው ቅጂያቸው ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ቅር ይላቸዋል። መምህሩ ቅሬታውን በዝምታ ከማለፍ ይልቅ መነጋገሪያ ቢያደርገው ይሻላል፤ ዋናው ለምን እዚህ የለም? ቅርስ የማን ንብረት ነው? እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ቁጥር 229 እና በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ለዚህ ውይይት ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። የሥነ ዜጋ መምህሩም አብሮ ቢሄድ ድርሻ ይኖረዋል።

ከመልካ ቁንጡሬ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ርቆ ባልጪት የሚባል ቦታ አለ። በአማርኛ «ባልጩት» የምንለው ጥቁርና ስለታም ድንጋይ በብዛት የሚገኝበት ነው። የጥንቱ ሰው ከአንድ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ጀምሮ መሣሪያውን የሠራው ከዚህ ድንጋይ ነው፤ በስምቢሮ የተገኙት ከባልጩት የተሠሩ የእጅ መጥረቢያዎች ዕድሜ 1.2 ሚሊዮን ዓመት ተገምቷል። በጉራጌ፣ በሃዲያና በሌሎችም የደቡብ አካባቢዎች ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የባልጩት መፋቂያ ይጠቀሙ እንደ ነበር ጥናቶች መዝግበዋል። ስለዚህ «የድንጋይ ዘመን» የሚለው አጠራር አልፎ የተዘጋ ምዕራፍ ነው ብሎ ማስተማር ጥንቃቄ ይጠይቃል። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በአንድነት በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ይገባል፤ ተማሪ ከመሬት ያነሣትን ስንጥር ድንጋይ በኪሱ ይዞ እንዳይመለስ ከመነሻው መነገር አለበት። ከወደቀችበት የተነሣች ድንጋይ ለመታሰቢያ ታገለግል ይሆናል እንጂ ለማስረጃነት አትበቃም።

አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ በሚገባው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከአለት ተፈልፍላ የተሠራች ቤተ ክርስቲያን ናት። ትውፊት የሚያያይዛት ከ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 13ኛው መጀመሪያ ከነገሠው ከላሊበላ ጋር ነው። ከላሊበላዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር ስትነጻጸር አነስ ያለችና አሠራሯም ያልተራቀቀ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ሥራ ከላስታ ይህን ያህል ወደ ደቡብ ርቆ መገኘቱ ራሱ የታሪክ ጥያቄ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ አገልግሎት የሚሰጥባት ስለ ሆነች ጉብኝቱ ለቅዳሴ ሰዓትና ለሥርዓቷ ይገዛል። ከሌላ ሃይማኖት የሆኑ ተማሪዎች መግባት ካልፈለጉ ከውጭ ሆነው የአለቱን አፈላፈልና የፍሳሽ መውረጃውን እንዲመለከቱ ማድረግ ይበቃል፤ ማንም ሊገደድ አይገባም።

ጢያ ከሦስቱ የመጨረሻው ነው። በሶዶ ጉራጌ ምድር ከሚታወቁት ወደ 160 የሚጠጉ የትክል ድንጋይ ስፍራዎች አንዱ ሲሆን 36 ሐውልቶች አሉት፤ ከእነዚህም 32ቱ ቅርፅ የተቀረጸባቸው ናቸው። የጎራዴ ምስል፣ ክብ ቅርፅ፣ ቅርንጫፍ የመሰለ ምልክት ይታይባቸዋል፤ የብዙዎቹ ትርጉም እስከ ዛሬ አልተፈታም። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዚያው ዓመት ከተመዘገቡት መካከል አክሱም ይገኝበታል። አክሱምን የማያውቅ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የለም፤ ጢያን ግን ደጋግሞ ያለፈበት መንገደኛ እንኳ ላያውቀው ይችላል። የትክል ድንጋይ ባህል እስከ ሲዳማና ጌዴኦ ይዘልቃል፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 መመዝገቡ ይህንኑ ሰፊ ታሪክ ለማስተማር አጋጣሚ ፈጥሯል።

የማስተማር ችግሩ ክብደት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በአካባቢው ትውፊት ድንጋዮቹ «የግራኝ ድንጋይ» ይባላሉ፤ ያቆማቸውም ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ነው ይባላል። ኢማሙ በሽምብራ ኩሬ ድል ያደረገው በ1529 ሲሆን የሞተው በ1543 ነው። ሮጀር ዡሶም የመራው ቁፋሮ ግን ሐውልቶቹ የመቃብር ምልክት መሆናቸውንና መቃብሮቹም ከ16ኛው መቶ ዓመት ብዙ እንደሚቀድሙ አሳይቷል። እንግዲህ አንድ የአገር ሽማግሌ በተማሪዎች ፊት ትውፊቱን ሲተርክ መምህሩ ምን ማድረግ አለበት? ሽማግሌውን ማረም ነውር ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ለትምህርቱ አይበጅም።

በእኔ አስተያየት መምህሩ ሽማግሌውን አመስግኖ እስከ መጨረሻው ማዳመጥ፣ ተማሪዎቹም ቃል በቃል እንዲጽፉ ማድረግ አለበት። ከተመለሱ በኋላ በክፍል ውስጥ ሁለቱ ማስረጃዎች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ትውፊቱ ድንጋዩን ማን እንዳቆመ በትክክል ባይነግረንም የ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት በሕዝብ ኅሊና ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደ ቀረ ይነግረናል። በሌሎች የአገራችን ክፍሎችም ባለቤቱ ያልታወቀ ፍርስራሽ ሁሉ ለግራኝ ሲሰጥ እናገኛለን። ስለዚህ ትውፊቱ ስለ ድንጋዩ ዘመን ሳይሆን ስለ ተራኪዎቹ ዘመን የሚመሰክር ምንጭ ነው። ይህን መለየት የቻለ ተማሪ የአዳዲንና የላሊበላን ግንኙነትም በዚያው ሚዛን ይመዝናል፤ የአንዱን ወገን ትውፊት ተቀብሎ የሌላውን የሚያጣጥል ትምህርት ግን በአንድ አውቶቡስ የመጡትን ልጆች ይከፋፍላል።

የጉዞው አፈጻጸም ብዙ የሚያነጋግር አይደለም። ጉዞው ሽርሽር ሆኖ እንዳይቀር ከጉብኝቱ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዝግጅት፣ ከጉብኝቱ በኋላ ሁለት ክፍለ ጊዜ ለውይይት መመደብ ይኖርበታል። እያንዳንዱ ተማሪ በጢያ አንድ ሐውልት ብቻ መርጦ በእርሳስ ቢስል፣ ቁመቱን ቢገምት፣ የጎራዴዎቹን ቁጥር ቢቆጥር ሁሉንም ፎቶግራፍ አንሥቶ ከሚመለሰው የበለጠ ያያል። ዕቅድ አውጪዎች የትምህርት ጉዞን ወጪ በቀንና በተማሪ ሲያሰሉ የአንድ ቀን ጉዞ የማደሪያ ወጪ እንደሌለው ግምት ውስጥ ቢያስገቡ፣ ለአንድ ሩቅ ጉዞ የሚጠየቀው ገንዘብ ለብዙ ክፍሎች ሊዳረስ ይችላል።

ከአዲስ አበባ ርቀው ለሚያስተምሩ ይህ መንገድ አይጠቅማቸው ይሆናል። ነገር ግን የጅማ መምህር የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በጅሬን፣ የሐረር መምህር በጀጎል ቅጥር ውስጥ ያሉት ቤተ መዘክሮች፣ የኮንሶ መምህር የዋካ ምስሎች የተሰበሰቡበት ቤተ መዘክር በቅርቡ አሉለት። የደሴው ቤተ መዘክር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ ጉዳት ደርሶበታል። አንድ ዕቃ ከትንሽ ቤተ መዘክር ሲጠፋ ምን እንደ ነበረ የሚያስረዳው በጊዜው የተጻፈ መግለጫና የተሳለ ሥዕል ነው። ስለዚህ ተማሪዎች በጉብኝት ላይ የሚያዘጋጁት ሥዕልና ማስታወሻ ነጥብ ከተሰጠበት በኋላ መጣል የለበትም፤ ቀኑና የተማሪው ክፍል ተጽፎበት አንዱ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጥ፣ ሌላው በሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ጊዜ ለቤተ መዘክሩ ኃላፊ እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል።